ሲታሽ የሚፈታው ምኑ ነው?

አጠና ተራ ላይ የባሕር ዛፍ አጠና ሲጭንና ሲያወርድ የዋለ ሰው ማታ ወገቡ ቢይዘው ወይም ትከሻው አልነሳ ቢለው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ሂድና ታሽ» የሚል ነው። በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ምክሩን ተቀብሎ የሚሄድበት ቦታ አያጣም። በየሰፈሩ በስሙ የሚታወቅ፣ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የወረሰ ወጌሻ አለ። ዘነበወርቅ ላይ አለርት ሆስፒታል አለ፤ ካርድ አውጥቶ ተራ የሚጠብቅ ሰው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያየዋል። ኪሱ የሚፈቅድለት ደግሞ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ አከርካሪን በእጅ እየተጫኑ ከሚያክሙት፣ በከተማዋ በጣት ከሚቆጠሩት የካይሮፕራክቲክ ባለሙያዎች አንዱን ይፈልግ ይሆናል። የሦስቱ በር፣ ዋጋና ቋንቋ ለየቅል ነው። አልጋው ላይ የሚሆነው ግን ብዙም አይራራቅም፤ የታመመው ቦታ ይቀባል፣ ይጫናል፣ ይታሻል። ወጌሻው ለጋ ቅቤና አውራ ጣቱን ይጠቀማል፣ ሌላው የተወለወለ ብረት ያነሳል፣ ታካሚውም አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ብሎት ይወጣል። ይህን መቅለል ሐሰት ነው የሚል ሰው ታሽቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ቀለለ ሲባል ከሥጋው ውስጥ የተፈታው ምኑ ነው? መልሱ የፍልስፍና ጉዳይ አይደለም። ለየትኛው ሕክምና ገንዘብ ማውጣት እንደሚያዋጣ፣ የትኛውን ሕመም ፈጽሞ ማሸት እንደማይገባና ከታሹ በኋላ በማግስቱ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው።

ከብረቱ ልጀምር። ዛሬ በብዙ አገር የካይሮፕራክቲክና የፊዚዮቴራፒ ክሊኒኮች ውስጥ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ ጠርዛቸው በአንድ ወገን የተሞረደ፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ የጎበጠ አንዳንዱ ወደ ውጭ ያበጠ ማሻዎች ይታያሉ። ከሁሉም የታወቀው ግራስተን የሚባለው ነው። ዴቪድ ግራስተን የብረት ሥራ ልምድ የነበረው አሜሪካዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1987 ውኃ ላይ ሲንሸራተት ጉልበቱን ተጎዳ። በጣት የሚደረገው ማሸት አልበቃው ሲል በሚያውቀው ሙያ መሣሪያ ቀረጸ። ከዚያ ነገሩ ስም፣ ኩባንያ፣ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቆዳው ላይ ቅባት ይደረጋል፣ ብረቱ ጋደል ተደርጎ ከላይ ወደ ታችና በአግድም ይሳባል። ጤነኛው ቦታ ላይ ይንሸራተታል፤ የተጎዳ ነው የሚባለው ጋ ሲደርስ አሸዋ ላይ የሚሄድ ያህል ይንኳኳል፣ ንዝረቱም በብረቱ በኩል ለባለሙያው እጅ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ ቦታው ይቀላል፣ አንዳንዴም በልዞ ይቆያል። ማብራሪያውም አብሮ ይሰጣል፦ ከጉዳት በኋላ የጡንቻውና የጅማቱ ሽፋን እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ጠባሳ ይዟል፤ ብረቱ ይህን ይበጥሳል፣ ሥጋውም እንደ አዲስ መዳን ይጀምራል።

ሐሳቡ ከግራስተን የቀደመ ነው። ለንደን ውስጥ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄምስ ሲሪያክስ ጅማትን በጣት ጫፍ በአግድም ማሸት ጠባሳን ይለያያል ብሎ ለአንድ ትውልድ ባለሙያዎች አስተምሯል። ቻይናውያን በቀንድ፣ በሳንቲም ወይም በሸክላ ማንኪያ ጠርዝ ቆዳን እስኪቀላ የሚፍቁበት ጓ ሻ ከዚህ ሁሉ ያረጀ ነው። እኛም ዋግምት አለን፤ ቀንዱን ቆዳ ላይ ደፍቶ አየሩን በመምጠጥ «መጥፎ ደም» ማውጣት። ካይሮፕራክቲክ ራሱ በመነሻው የብረትም የማሸትም ሙያ አልነበረም። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1895 አዮዋ ውስጥ ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ የአንድ መስማት የተሳነው የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ አከርካሪ ተጭኜ ጆሮውን መለስኩለት ካለበት ጊዜ ጀምሮ ትኩረቱ አከርካሪ ላይ ነበር፤ ከቦታው የተንሸራተተ አጥንት ነርቭን ይጫናል፣ እሱን መመለስ በሽታን ያድናል የሚል። ያ መነሻ ሐሳብ በጥናት አልጸናም። የዛሬዎቹ ብዙ ካይሮፕራክተሮች ራሳቸው ትተውት ወደ ጡንቻና መገጣጠሚያ ሕመም አተኩረዋል፤ ብረቱም ቦታ ያገኘው በዚህ በኩል ነው። አንድ ነገር ግን ከፓልመር እስከ ግራስተን ሳይቀየር ዘልቋል፦ ውስጥ አንድ ነገር ከቦታው ወጥቷል ወይም ተቋጥሯል፣ ባለሙያው ደግሞ በውጭ ኃይል ወደ ቦታው ይመልሰዋል የሚለው አነጋገር።

ይህ አነጋገር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ወጌሻው ታካሚውን በርጩማ ላይ ወይም አጎዛ ላይ አስቀምጦ ቅቤውን በመዳፉ ያሟሟል። የት እንዳመመው ቢነግሩትም ራሱ በጣቱ ከጤነኛው ወገን ጀምሮ እየዳሰሰ ይመጣል፤ ሁለቱን ወገን ያስተያያል። ታካሚው ሲሸማቀቅ እዚያ ይቆማል። «ጅማቱ ዞሯል»፣ «ደም ረግቷል»፣ «ብርድ ገብቶበት ተኮማትሯል» ይላል። ከዚያ አውራ ጣቱን አስደግፎ ረጅም በሆነ፣ አንድ አቅጣጫ በያዘ አስተሻሸት ያሻል። ይህን የዳሰሳ ችሎታ አቅልሎ ማየት አይገባም። በትምህርት ቤት በር ያላለፈ ሰው ከአንድ ሺህ ቁርጭምጭሚት በኋላ ጣቱ የሚያውቀው ነገር አለ። ማብራሪያው ግን ከባለ ብረቱ ማብራሪያ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ «ተቋጥሯል» ሲል ሌላው «ተጣብቋል» ይላል፣ ሁለቱም ፈታሁት ይላሉ። ስለዚህ ለአንዱ የሚቀርበው ማስረጃ ለሌላውም ይሠራል። ባለ ብረቱ ዘመናዊ ስለሆነ ልንምረው፣ ወጌሻውም ባህላዊ ስለሆነ ልንከሰው አይገባም፤ ተቃራኒውም እንዲሁ።

ማስረጃው ከመካኒክስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የሒሳብ ሞዴል የሰውን የጭን ጎን ሽፋንና የውስጥ እግር ሽፋን ቅርጽ ለመለወጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። እነዚህ ጡንቻንና አጥንትን የሚጠቀልሉ ጠንካራ ነጭ ሽፋኖች አንድ በመቶ ብቻ እንዲጨመቁ የሚጠይቁት ኃይል ከ9 ኩንታል ገደማ ክብደት ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኘ። አጠና ተራ ላይ 9 ኩንታል ስንት ትከሻ እንደሚጠይቅ ማስረዳት አያሻም፤ የትኛውም አውራ ጣትም ሆነ ብረት እዚያ አይደርስም። የአፍንጫ ሽፋንን የመሳሰለ ለስላሳ ሥጋ ለእጅ ይታዘዛል፤ የጭን ጎንና የውስጥ እግር ሽፋን ግን አይታዘዝም። ከዚህም በላይ ጅማት እንዴት እንደሚታደስ የሚያሳይ ድንቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በከባቢ አየር ውስጥ የካርቦን 14 መጠንን በእጅጉ ከፍ አድርገው ነበር፤ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ያንን አሻራ በሰዎች የተረከዝ ጅማት ውስጥ ለኩና እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አሳተሙ። የጅማቱ እምብርት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 17 የዕድሜ ዓመታት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይለወጥም። በሁለት ሳምንት ማሸት ጠባሳን በጥሶ ጅማትን እንደ አዲስ እሠራለሁ የሚል ሁሉ ከዚህ ግኝት ጋር መነጋገር አለበት።

ባለ ብረቶቹ መልስ የላቸውም ማለት ግን አይደለም፤ የሚጠቅሱት ጥናት እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአይጦች የተረከዝ ጅማት በኢንዛይም ተጎድቶ በመሣሪያ ሲታሽ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሥጋ ጠጋኝ ሕዋሳት መብዛታቸው ታይቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጫናው ሲበረታ ሕዋሳቱ ይበልጥ እንደሚበዙ ተዘገበ። ከሁሉም ጠንካራው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ የ51 አይጦችን የሁለቱንም ጉልበት የጎን ጅማት ጎዱና አንዱን ብቻ በመሣሪያ ያሹ ጀመር፤ ያልታሸው ጉልበት በዚያው አይጥ ላይ ማነጻጸሪያ ሆነ። በ4ኛው ሳምንት የታሸው ጅማት 43 በመቶ ያህል ጠንክሮ ተገኘ። እዚህ ላይ ብዙ ማስታወቂያ ይቆማል። ጥናቱ ግን አልቆመም፤ በ12ኛው ሳምንት የጥንካሬው ልዩነት ጠፍቷል። ያልታሸውም ደርሶበታል። ይህ ለሩጫ ውድድር ለሚጣደፍ ሰው ትንሽ ነገር ላይሆን ይችላል፤ ግን ማሸት መዳንን ሊያፋጥን ይችላል ማለትና ያለ ማሸት አይድንም ማለት የተለያዩ ናቸው። ሌላም ነገር አለ። የአይጥ ጉልበት ጅማት ከቆዳዋ ሥር ወዲያው ነው፣ ጉዳቱም ትናንት በቀዶ የተፈጠረ ትኩስ ጉዳት ነው። ለዓመታት ሸክም የለመደ የሰው ወገብ ከዚያ ጋር የሚጋራው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሰው ላይ የተሞከረውን እንይ። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ የመካከለኛ ጀርባ ሕመም ያለባቸው 143 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ አከርካሪያቸው በእጅ ተጫነ፣ ሁለተኞቹ በግራስተን ብረት ታሹ፣ ሦስተኞቹ ያልሠራ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጀርባቸው ላይ ተዘዋወረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ፤ ሦስቱም ቡድን ተሻለው፣ በመካከላቸውም ለታካሚ ቁም ነገር የሚሆን ልዩነት አልተገኘም። ያንኑ ዓመት በካናዳ ካይሮፕራክተሮች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ፣ ማለትም የሙያው ወዳጆች ያስተናገዱት ግምገማ፣ በዕጣ ምደባ የተሠሩ 7 ጥናቶችን መርምሮ ብረቱ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመምን ለማከም ያለው ማስረጃ ደካማ እንደሆነ፣ ለአጭር ጊዜ የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ ለመጨመር ግን ጥቂት ድጋፍ እንዳለው ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰፊ ግምገማም ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘም። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ማን በብረት እንደሚታሽ ከባለሙያው መደበቅ አይቻልም፣ ለዚህም ነው «ፈጽሞ አይረባም» ብሎ መደምደም የማይቻለው። የተባለውን ያህል ይረባ ቢሆን ኖሮ ግን እስካሁን በታየ ነበር።

እንግዲህ ሥጋው ካልተበጠሰ፣ ጠባሳው ካልተለያየ፣ የቀለለው ምኑ ነው? በአሁኑ ወቅት ይበልጥ አሳማኝ የሆነው መልስ የነርቭ ሥርዓቱ ነው የሚል ነው። ሕመም ከተጎዳ ሥጋ ወደ አንጎል በቀጥታ የሚላክ ልኬት አይደለም፤ ሰረሰርና አንጎል የሚደርሳቸውን መልእክት እንደ ሁኔታው ያጎላሉ ወይም ያፍናሉ። ቆዳ ሲነካ፣ ሲጫን፣ በመጠኑ እንኳ ሲያም፣ ከላይ የሚወርደው ማፈኛ ይበረታል፤ ጡንቻው ጥበቃውን ያላላል፣ መገጣጠሚያው ትናንት ያልደረሰበት ይደርሳል። የሚታመን ሰው እጅ፣ የተረጋጋ ድምፅ፣ «ይሄ ይድናል» የሚል ቃል ሁሉም በዚሁ በር ይገባሉ። መቅላቱና መበለዙም ምስጢር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 በ11 ጤነኛ ሰዎች ላይ ጓ ሻ ሲደረግ በቆዳው ያለው የደም ዝውውር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወደ አራት እጥፍ ማደጉ በሌዘር ተለክቷል። እንግዲህ የወጣው «መጥፎ ደም» ሳይሆን በጫናው የተሰነጠቁ የቆዳ ደም ሥሮች ያፈሰሱት ያው ደም ነው። መበለዝ የሥራው ማረጋገጫ አይደለም፤ «በደንብ ስላልበለዘ አልሠራልኝም» የሚል ታካሚ ከልክ በላይ እንዲጫኑት እየጋበዘ ነው።

ሕመም የጉዳት ልኬት ላለመሆኑ ከኮልፌ ቀራንዮ የተሻለ ምስክር የሚገኝበት ሰፈር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና ለባለሙያዎች ማሠልጠኛ የቆመ ነው። ሥጋ ደዌ ጣትን «ይበላል» የሚለው አሮጌ እምነት የፈረሰው ፖል ብራንድን በመሳሰሉ፣ በሕንድ ቬሎር ውስጥ በሠሩ የእጅ ቀዶ ሐኪሞች ሥራ ነው። በሽታው የሚያጠፋው ነርቭን ነው፤ ጣት የሚጠፋው ሰውየው ሳይሰማው በትኩስ ምጣድ፣ በጫማ ሚስማር፣ በመሣሪያ እጀታ ስለሚጎዳ ነው። ሥጋው ክፉኛ ተጎድቶ ሕመም የለም። የወገብ ታማሚው ጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ሥጋው ላይ በምስል የሚታይ ጉዳት ሳይኖር ሕመሙ አያስተኛም። ሕመምና ጉዳት ተለያይተው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም፤ ማሸት ደግሞ የሚያስታግሰው ሕመሙን ነው። እነዚያው ሕሙማን ራሳቸውን ለመንከባከብ የሚማሩት ዘዴም ከርዕሳችን የራቀ አይደለም፦ እግርን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ በሸካራ ድንጋይ ቀስ ብሎ መፈግፈግ፣ መቀባት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በየቀኑ በዓይን መፈተሽ፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ሲበዛ «በቃ» የሚል ስሜት የላቸውም። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘበት ሰውም እንዲሁ ነው። በማይሰማ ቆዳ ላይ ብረት መሳብ ፍሬን በሌለው መኪና ቁልቁለት መውረድ ነው።

«ሁሉም ጥሩ፣ እኔ ግን ታሽቼ ድኛለሁ» የሚል ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ አይረታም፤ መረታትም የለበትም፣ ቀሎታልና። ሆኖም ሰው የሚታሸው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ ነው። ቀላል ወለምታ በሳምንታት፣ ድንገተኛ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሳምንት ውስጥ በራሱ እየሻለው ይሄዳል። ሕመም ከጫፉ የሚወርድበት ሳምንትና ማሸቱ የተደረገበት ሳምንት አንድ ስለሆኑ ምስጋናውን ማሸቱ ይወስዳል። በፐርዙ ጥናት ያልሠራ መሣሪያ የዞረላቸውም እኮ ተሽሏቸዋል። «ታዲያ ይቅለለኝ እንጂ በምኑም ይቅለለኝ» ቢባል፣ በቀን ገቢ ለሚያድር ሰው ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌሊቱን የሚያስተኛና በማግስቱ ሥራ የሚያስገባ ማስታገሻ በመጠነኛ ዋጋ ከተገኘ ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ከታብሌት ጋር ሲነጻጸር ጨጓራ አይነካም። ነቀፋው የሚመጣው «ጠባሳህ እስኪለያይ 20 ጊዜ መመላለስ አለብህ» ሲባል ነው። ያ የሌለ ነገር የሚሸጥበት ዋጋ ነው።

ማቅለሉ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ሥጋን በእርግጥ ለሚለውጠው ነገር በር ስለሚከፍት ነው፤ እሱም ልክ ያለው ጫና ነው። ስዊድን፣ ኡሚዮ ውስጥ ሃካን አልፍሬድሰን የሚባል የአጥንት ሐኪም የተረከዝ ጅማቱ ታሞ ነበር። ራሱ እንደሚናገረው አለቃው ቀዶ ሕክምናውን ሲነፍገው «እንግዲያው ጅማቱን እበጥሰዋለሁ» ብሎ ተረከዙን ከደረጃ ጠርዝ ላይ እያወረደ ያስጨንቀው ጀመር። ጅማቱ ሊበጠስ ቀርቶ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ጥናት ትንሽ ነው፤ 15 ሯጮች፣ 12 ሳምንት፣ ጠዋትና ማታ፣ በድምሩ በቀን 180 ጊዜ ተረከዝ ማውረድ፣ ሲለምዱት የጀርባ ቦርሳ ላይ ክብደት መጨመር። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ቁጥሩንና አሠራሩን አሻሽለዋል፤ ያ ሁሉ ድግግሞሽ ግዴታ እንዳልሆነም ታውቋል። መሠረቱ ግን ጸንቷል፦ የታመመ ጅማት ቀስ በቀስ በሚጨምር ጫና ይጠነክራል፣ በዕረፍት ብቻ ይሰንፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያም ትምህርትና የአካል እንቅስቃሴ አሉ፤ ማሳጅና አከርካሪን በእጅ ማከም እንደ አንድ የሕክምናው አካል ተፈቅደዋል፤ የወገብ ቀበቶና በመሣሪያ መጎተት ግን አልተመከሩም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም እንደነበረበት ይገመታል፤ ለዚህ ሁሉ ወገብ ብረት ማዳረስ አይቻልም፣ እንቅስቃሴ ማስተማር ግን ይቻላል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ ለዋለ ሰው «ስፖርት ሥራ» ማለት ቀልድ አይመስልም? ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ ድሩ ላይ አጎንብሶ መወርወሪያ ሲወረውር ለዋለ ሸማኔስ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። ሥራቸው ጫና አያንሰውም፤ የሚያንሰው ልክና ልውውጥ ነው። ሸማኔው ሰዓቱን ሙሉ በአንድ አኳኋን ይቆያል፣ ትከሻው ከደረቱ ፊት ለፊት ውጭ ወደ ሌላ አቅጣጫ አይሄድም፣ ወገቡም ቀና አይልም። ለእሱ የሚጠቅመው በየሰዓቱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ክንዱን ከራሱ በላይ ማንሳት፣ ግድግዳ መግፋት፣ መቆም መቀመጥ ነው። ለሸክም ሠራተኛው ደግሞ ወገቡ በያዘው ሳምንት ጨርሶ መተኛት ሳይሆን ሸክሙን ለሁለት መያዝ፣ ከትከሻ ትከሻ መለዋወጥ፣ ሕመሙ ሲረግብ መጠኑን መመለስ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው አሠሪው ሲፈቅድ ነው፤ እዚህ ጋ ጉዳዩ ከሕክምና ወጥቶ የሥራ ሁኔታ ጉዳይ ይሆናል፣ የትኛውም ማሻ አይደርስበትም። ከመታሸቱ በኋላ ያሉት አንድ ሁለት ቀናት ግን ለዚህ እንቅስቃሴ የተመቹ ናቸው። በሕመም ፍርሃት ታጥፎ የነበረ ወገብ ቀና የሚለው ያኔ ነው። ታሽቶ ተጠቅልሎ የሚተኛ ሰው የከፈለበትን ጊዜ ያባክናል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን አንድ ነገር እንደ ቀላል ወስዷል፦ የሚታሸው ነገር የሚታሽ እንደሆነ። አደጋው ያለው እዚህ ነው፤ ከብረቱም ከቅቤውም ይልቅ ልጽፍበት የምፈልገውም ይኸው ነው። ከአጥር ላይ ወድቆ ክርኑ ያበጠ ሕፃን ብዙ ጊዜ ወለምታ ሳይሆን ከክርኑ በላይ ስብራት አለበት። ሲታሽ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ የደማው ጡንቻ በተደጋጋሚ ሲታሽ ውስጡ አጥንት ያበቅላል፤ ክንዱ መታጠፍም መዘርጋትም ያቅተዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣል፣ ደም ወደ ጣቶቹ መድረስ ያቆማል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ይደነዝዛሉ። ወላጅ «ሕመሙ በረደለት» ብሎ የሚደሰተው አንዳንዴ ነርቩ በሞተበት ሰዓት ነው። መጨረሻው መቁረጥ ነው፤ የአገራችን አጥንት ሐኪሞች ይህን ለዓመታት ሲጽፉበት ኖረዋል። ከወገብ ሕመምም ቢሆን ሌሊት የሚብስ፣ ከላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር የሚመጣ ካለ የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) መጠርጠር አለበት፤ ነቀርሳ ባልጠፋበት አገር ይህን ሳይጠይቁ ወገብ መጫን ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከወሊድ ወይም ከረጅም መተኛት በኋላ አንድ ባቱ ብቻ ያበጠና የሞቀ ሰውም የደም መርጋት ሊኖርበት ስለሚችል ማሸት ክልክል ነው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ለባለሙያው መንገር አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ነው፤ ባለሙያው ሳይጠይቅ የቀረ እንደሆነም ጥፋቱ የታካሚው አይደለም።

ይህን የሚያነብ ሰው ወጌሻን ማገድ ነው መፍትሔው ሊል ይችላል። አይደለም፤ የሚሆንም አይደለም። ስብራት የደረሰበት ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ቅርብ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ቋንቋው ይገባል፣ ክፍያው በእጅ ላለው ይመጥናል፣ «ሆስፒታል ከሄድኩ ይቆርጡኛል» የሚል ፍርሃትም አለ፤ ፍርሃቱ ደግሞ የሚመገበው ዘግይተው ሄደው በተቆረጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል። ወጌሻዎች ተሰብስበው የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ስለ አስተሳሰርና ስለ አደጋ ምልክቶች። ከዚያ በኋላ በእስራት ምክንያት የሚመጡ የእጅና የእግር መቁረጦች ቀነሱ። አንድ ቀን ነው። ማንም ሙያውን አልነጠቃቸውም፤ መቼ እንደሚያቆሙ ብቻ ተነገራቸው። የእግር ኳስ ቡድኖቻችን ወጌሻን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ካስቀመጡ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሰፈሩን ወጌሻ ከጤና ጣቢያ ጋር ማገናኘት ከዚያ የሚከብድ አይደለም።

ለብረቱም ፍትሕ ይገባዋል። አንድ የማይካድ ጥቅም አለው፤ የባለሙያውን አውራ ጣት ያድናል። ቀኑን ሙሉ በጣቱ የሚጫን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከዓመታት በኋላ የራሱ ጣት መገጣጠሚያ ይታመማል፤ በዚህ በኩል መሣሪያው ለሠሪው እንጂ ለታካሚው የተሠራ ነው ቢባል ስድብ አይሆንም። ከሰው ሰው ሲያልፍ በአግባቡ መታጠብና በጀርም ማጥፊያ መጽዳት አለበት፤ ቆዳ ሲሰነጠቅ ደም ይነካዋልና። ዋግምት በምላጭ ሲበጣም ይኸው ጥንቃቄ በእጥፍ ነው። ከዚህ ውጭ የተወለወለ ብረት ከለሰለሰ ቀንድ፣ ቀንዱም ከሰለጠነ አውራ ጣት የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ የሚያሳይ ነገር የለም። አንድ ክሊኒክ መሣሪያውን ከውጭ ያስመጣበትን ወጪ በታካሚው ሒሳብ ላይ ቢጨምር ታካሚው የሚገዛው ያንኑ ማስታገሻ በውድ ነው።

ስለዚህ የሚታሸው ሰው ብረት ወይስ ቅቤ ብሎ ከመምረጡ በፊት የሚጠይቀው ጥቂት ነገር አለ። ባለሙያው ከመንካቱ በፊት ስለ አወዳደቄ፣ ስለ ሌሊቱ ላብ፣ ስለምወስደው መድኃኒት ጠይቆኛል? ጣቶቼ እንደሚሰማቸው፣ እንደሚሞቁ አይቷል? በሦስትና በአራት ጊዜ ካልተሻለኝ ምን እንደሚያደርግ ነግሮኛል? ነገ ጠዋት በራሴ የምሠራውን እንቅስቃሴ አሳይቶኛል? እነዚህን የሚመልስ ወጌሻ፣ መመለስ ከማይችል ባለ ብረት ይሻላል። ክርኑ ያበጠ ልጅ ሲመጣለት ቅቤውን አስቀምጦ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ ዛሬውኑ አለርት ውሰዱት» ያለ እንደሆነ ደግሞ ከአጠና ተራ እስከ ዘነበወርቅ መንገዱ በታክሲ ሩቅ አይደለም።